ቀዩ ጓጉንቸር

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። ግን በእኔው ላይ የደረሰ ነው... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ።

የምሠራው ከመሬት ሆድ በሚወጣ እንፋሎት መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ውስጥ ነው። እንፋሎቱ በሚያልፍበት ታንከር ውስጥ እንደ ድንጋይ የሚጋገር ነጭ ዝቃጭ አለ። ሰው ገብቶ በመሮ ይፍቀዋል።

የሚገባው ሰው የእንፋሎቱን ቫልቭ ዘግቶ የራሱን ጓጉንቸር ያንጠለጥልበታል፤ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም።

የታላቅ ወንድሜ ጓጉንቸር ቀይ ነበር። በእናታችን የጥፍር ቀለም የተቀባ።

ሳያነሳው ምሳ መሄድ ልማዱ ነበር። አምና አንድ ቀን ፍቆ ጨርሶ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። "ያ ዝንጉ ዛሬም ረሳው!" ብዬ እየሳቅኩ ጓጉንቸሩን በመቁረጫ ቆረጥኩት። ወደ ውስጥ እንኳ ሳላይ የታንከሩን በር ገጠምኩና ቫልቩን ከፈትኩ።

ውስጥ ነበር።

ለምን እንደተመለሰ እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም። ለእናቴ "አደጋ ነው" አልናት። ማን እንደቆረጠው ግን... አልነገርኳትም። ዓመት ሙሉ አብሬያት ጥቁር ለብሼ፣ ዓይኗን ሳላይ ኖርኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ያው ታንከር ተፍቆ አለቀ። አለቃዬ "ቫልቩን ክፈተው" አለኝ።

እጄን ሰደድኩ...

ቀይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

"ምን ይገትርሃል?"

"ጋሼ... ጓጉንቸር አለበት።"

"የምን ጓጉንቸር? ፀሐይ መታህ እንዴ?"

ያኔ ከታንከሩ ውስጥ ሰማሁት። ኳ... ኳ... ኳ...

መሮ ነው።

"ማነው ውስጥ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ማንም የለም። ሁሉም ምሳ ላይ ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።"

አልከፈትኩም። ትቼው ወደ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማለች። እግሯ ስር ወደቅኩ።

"እማዬ... እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ራሱ ነዋ! ቅድም በሰባት ሰዓት መጥቶ። ምሳህን ብላ ስለው፣ 'መሮዬን ውስጥ ረስቻለሁ' ብሎ እየሮጠ ተመለሰ። መቼም የእሱ ነገር..."

ፈገግ አለች። ዓመት ሙሉ ፈገግ ብላ አታውቅም።

"ይህን ለወንድሜ ስጪልኝ ብሏል።"

መዳፏን ዘረጋችልኝ። ቀዩ ጓጉንቸር... የተቆረጠበት ምልክት የለም። ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ከሥሩ የሚጨስ ውሃ ጠብ... ጠብ... ይላል።