የገረዝጊሄር ማተብ

የቴምዝ ውሃ ሲሸሽ ሬሳው ባተርሲ ሰፈር የወንዝ ዳር ግንብ ሥር፣ ጭቃ ላይ ቀረ። ግንቡ ላይ ኮት በሥርዓት ታጥፎ፣ ከኮቱ በላይ ጥቁር ማተብ ከነመስቀሉ ተቀምጦ ነበር።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ።

መርማሪ እንግዳወርቅ ጎንበስ ብላ የሟቹን ማጅራት አየች። ክር የሚያክል ቀይ ሰንበር ወጥቶበታል።

ሟቹ አቶ ገረዝጊሄር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መካኒክ፣ በስተርጅና ለንደን ውስጥ የጦር መርከብ ብየዳ ተቆጣጣሪ። መርከቧ ከቀጠሮዋ ዓመታት ዘግይታ፣ በመጀመሪያው የባሕር ሙከራ አካሏ ተሰነጠቀ። ብየዳው ሳይመረመር «ደህና ነው» ተብሎ ማለፉን ፓርላማ ቀርበው ሊመሰክሩ አንድ ቀን ቀርቷቸው ነበር።

ፊንስበሪ ፓርክ ካለው ቤታቸው እንግዳወርቅ ስትደርስ ልጃቸው ፍዮሪ እጇን ያዘቻት።

«ሱሳይድ ነው ካላችሁ አባ ዘማርያም ፍትሐት አያደርጉለትም። አባዬ እንደ ውሻ ሊቀበር ነው። እባክዎ፣ ሁሉንም ነገር ቼክ ያድርጉልኝ።»

ጥግ ላይ የሟቹ የባሕር ኃይል ጓደኛና ደባል አቶ መኣሾ ተቀምጠዋል።

«ከመሞቱ በፊት በነበረው ማታ ተጣልተን ነበር፤ ጎረቤት ሰምቶናል፣ አልደብቅም» አሉ። «‹በሰው አገር መርከብ ምን አገባህ? እንጀራህን አትድፋ› አልኩት። ‹እዚያ ውስጥ የሚሰጥመው የሰው ልጅ ነው› አለኝ።»

ፍዮሪ የሸሚዛቸውን እጅጌ ልትቆልፍላቸው ተጠጋች። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጣመዋል።

«ድሮ መድፍ አጎርስ ነበር» አሉ አዛውንቱ፤ «ዛሬ ቁልፍ አሸነፈኝ።»

እንግዳወርቅ ከዚያ ወደ መርከቧ ግንባታ ፕሮግራም ቢሮ ሄደች። ለፕሮግራሙ ኃላፊ ለሚስተር ኮልባርን ማተቡን በላስቲክ ከረጢት እንዳለ አሳየቻቸው።

«የመታወቂያው ማንጠልጠያ ነው?» አሉ ኮልባርን ሰዓታቸውን እያዩ። «አያስፈልገንም፤ ሌላ አለን።»

«ያን ማታ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። መርከብ ሲዘገይ ማን ቤቱ ይገባል?»

ቀጥሎ የገባው ብየዳውን ያሳለፈው መሐንዲስ ደምመላሽ ነው፤ ሃርልስደን ባለ የአማርኛ ቸርች ዘማሪ። ከረጢቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ጠረጴዛው ላይ ሻይ ፈሶ ስለነበር ነጭ ወረቀት አንጥፎ አስቀመጠው።

«አንተስ ማተብ ታስራለህ?»

«ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ፈትቻለሁ። እናቴ አልቅሳለች።»

«አቶ ገረዝጊሄርን መጨረሻ ያየሃቸው የት ነው?»

«እዚሁ ቢሮው ደጃፍ ላይ። ደህና እደሩ ተባብለን ተለያየን።»

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ለቅሶ ቤት ተገኙ። አባ ዘማርያም አንገታቸውን ደፍተዋል። እንግዳወርቅ ለኮልባርን በእንግሊዝኛ እየደገመች ጀመረች።

«ፍዮሪ፣ ማተቡን ማን አሰረላቸው?»

«እኔ፣ ባለፈው ጥምቀት። መስቀሉ ደረቱ ላይ ነበር የሚያርፈው።»

«እስቲ በራስሽ አጥልቂው።»

ማተቡ ግንባሯ ላይ ቆመ። ብትጎትተውም አላልፍ አለ።

«ለልጅየዋ የጠበበ በአባትየው ራስ አልወለቀም» አለች እንግዳወርቅ። «ከፊት ተይዞ ተበጠሰ። የማጅራታቸው ሰንበር እሱ ነው። የበጠሰው ሰው ጫፎቹን መልሶ ቋጠራቸው፤ ለዚህ ነው ያጠረው። ሊሞት የቆረጠ ሰው የተበጠሰ ማተብ ቁጭ ብሎ አይቀጥልም። ሌላ ሰው ነበረ።»

እንግዳወርቅ ወደ ተቀመጡት ዞረች።

«ሚስተር ኮልባርን ቢያገኙት ወንዝ ይከቱት ነበር፤ ለእርሳቸው ማንጠልጠያ ነው። ጋሽ መኣሾ ክብሩን ያውቃሉ፤ ግን የስንዴ ቅንጣት የምታክል ቋጠሮ የሚያጠብቅ ጣት የላቸውም። የቀረው፣ ማተብ ሻይ በፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ያልሆነለት ሰው ነው።»

ደምመላሽ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ልለምናቸው ነው እስከ ግንቡ የተከተልኳቸው» አለ። «‹አሳልፍ› ያለኝ ኮልባርን ነው፤ የሚታሰረው ግን የፈረመው ነው። ‹አይሆንም› ብለው ሊያልፉኝ ሲሉ አንገታቸው ሥር ያዝኳቸው። ክንዳቸው ላይ የነበረው ኮት ወደቀ። ገፋኋቸው። ማተቡ እጄ ላይ ቀረ። ከታች… ከታች ስሜን ይጠሩ ነበር።»

«ማተቡን ለምን አልጣልከውም?»

«ኮቱን አጥፌ፣ ማተቡን ቋጥሬ ከላይ አኖርኩት። መሬት ላይ ልተወው አልቻልኩም። ነውር ነው።»

«እሳቸውንስ?»

ኮልባርን ቀስ ብለው ተነሡ።

«ይቀመጡ» አለቻቸው እንግዳወርቅ። «የእርስዎም ገና ነው።»

ደምመላሽ በካቴና ከወጣ በኋላ አባ ዘማርያም «ፍትሐቱ ነገ ጠዋት ነው» አሉ። ፍዮሪ ማተቡን ጠየቀች። ማስረጃ ስለሆነ እንግዳወርቅ ልትሰጣት አልቻለችም። አባ ከኪሳቸው ጥቁር ክር አወጡላት። ፍዮሪ ክሩን በራሷ ዙሪያ ለካች፣ ትንሽ ጨመረችበት፣ አባቷ ደረት ድረስ እንዲወርድ አድርጋ ቆረጠችው።