ቲማቲሙ እስኪቀላ

እሱን መጀመሪያ ያየሁት የቲማቲም ችግኝ ታቅፌ ከባጃጅ ለመውረድ ስታገል ነው። አንድ እግሬ መሬት፣ አንድ እግሬ ባጃጅ ውስጥ፣ ቀሚሴ ደግሞ ብረት ላይ ተይዟል። እሱ አጥሩ ሥር ቆሞ ያየኛል። አይስቅም። አለመሳቁ ነው ያናደደኝ!

«ላግዝሽ?»

«አይ፣ ተመችቶኛል።»

ዝም ብሎ መጥቶ ቀሚሴን አላቀቀልኝ። ከዚያ ችግኞቹን ጎንበስ ብሎ አየና፣

«ምስጥ ይበላዋል» አለ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰላምታ የለ፣ እንኳን ደህና መጣሽ የለ... «ምስጥ ይበላዋል»!

«ወንድሜ፣ አስተያየት ሲያስፈልገኝ እጠራሃለሁ!»

«እሺ» አለ። በቃ፣ «እሺ» ብቻ። ዞሮ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ግቢ ገባ። ጎረቤቴ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሳሌም እባላለሁ፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። አሶሳ ውስጥ በአንድ ቢሮ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። «ነዋሪዎች ከጓሮ አትክልት ልማት ተጠቃሚ መሆናቸውን ገለጹ» የሚለውን ዜና የምጽፈው እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ እነሱ ከመግለጻቸው በፊት እጽፈዋለሁ። በዜናዬ ክልሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ አልብሼዋለሁ። በእጄ ግን አንድ ሽንኩርት አብቅዬ አላውቅም።

እዚህ ከተማ ስኖር ሻንጣዬን ፈትቼ አላውቅም። ልብሴን አወጣለሁ፣ እለብሳለሁ፣ አጥቤ ወደ ሻንጣው እመልሳለሁ። ልክ ነገ እንደሚሄድ ሰው። ወንድሜ ሰራዊት ደግሞ ይደውላል።

«ዝውውርሽን ይዤልሻለሁ፤ አንቺ ነይ ብቻ!»

ያን ግንቦት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ቀዩን አፈር እንዳራሰው፣ ለራሴ ቃል ገባሁ። እዚህ መሬት ላይ በእጄ ያበቀልኩት አንድ ቲማቲም፣ አንድ ብቻ፣ ቀልቶ ከበላሁት እዚሁ እቀራለሁ፤ ሻንጣዬንም እፈታለሁ። መሬቱ እምቢ ካለኝ እሄዳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለሰው ቢነገር የሚያስቅ ነገር ነዋ!

ጓሮውን የሰጡኝ አከራዬ እትዬ አሰፋሽ ናቸው። በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚሁ ያረጁ ናቸው፤ ሲናገሩ ግን ዛሬም ገና ከደሴ አውቶቡስ የወረዱ ይመስላሉ።

«ያ ጎረቤት ማነው እትዬ?»

«ምንያህል ነው እንጂ! ደግ ልጅ ነው። አባቱ እንደኔው ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ከባምባሲ ወዲያ የሰፈራ መንደር ነው ያደገው። ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ይሠራል፤ ደም ሲቀዳ እጁ ላባ ነው። ምነው ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ ይሁን» አሉና ማንጎአቸውን መላጥ ቀጠሉ።

መደብ አበጀሁ። ፍግ ቀላቀልኩ። ፀሐይ በረድ ሲል ቲማቲሙን አራርቄ ተከልኩ፣ ቃሪያውን አጠገቡ አሰለፍኩ፣ ባምያ ዘራሁ። ከዚያ ግቢውን ጥርግ አድርጌ ጠረግሁት። አንዲት ደረቅ ቅጠል አልቀረችም። እኛ ቤት ጓሮ ማለት እንደ ሳሎን የተጠረገ ጓሮ ነው።

በነጋታው ስነሳ... በመደቦቼ ጠርዝ፣ በአጥሩ በኩል፣ ደረቅ የበቆሎ አገዳ ተዘርግፏል! ጭቃና እበት የተለወሰ፣ የበሰበሰ አገዳ!

«እትዬ አሰፋሽ! ይሄ ሰው ቆሻሻውን እየጣለብኝ ነው!»

«እንዲያ ነው?» አሉ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

አፈስኩና በአጥሩ ላይ መልሼ ወረወርኩለት። በማግሥቱ ሌላ አገዳ። መልሼ ወረወርኩ። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ! ጦርነት ሆነ። እሱ ጠዋት ይልካል፣ እኔ ፊቴን ሳልታጠብ እመልሳለሁ።

ከዚያ ዝናቡ ተቋረጠ። ሰማዩ ጠራ፣ መሬቱ ጋለ፣ ችግኞቼም ተራ በተራ ይወድቁ ጀመር። ማታ ቆሞ የነበረው ጠዋት ተጋድሞ ይገኛል፤ ግንዱ አፈሩ ጋ ተቆርጧል። በአጥሩ ቀዳዳ አሾልቄ ሳይ የእሱ ቃሪያ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተንዠርግጓል። እኔ የወረወርኩበት አገዳ መሀል!

መጥረጊያዬን ወረወርኩት።

«ጥሩ ጎረቤት ነህ!» አልኩት በቀዳዳው።

«ምነው?»

«ቆሻሻህን ሰው ግቢ ትጥላለህ፣ አትክልትህ ግን ያምራል! እንዴት ነው ነገሩ?»

«ያማረው ባንቺ ነው» አለ።

እያሾፈ! በኔ ሞት እያሾፈ!

«አስተያየት አልጠየቅሁህም!»

«ጠየቅሽኝ እኮ፣ መለስኩልሽ።»

እንደገና ተከልኩ። እንደገና ወደቀ። እትዬ አሰፋሽ አዘኑልኝ።

«ተይው ልጄ፣ ቲማቲም ገበያ ሞልቷል።»

«አልተወውም እትዬ! ካጣሁት ላጣው፣ ግን በምስጥ ተሸንፌ ከዚህ ከተማ አልወጣም!»

«አንቺ ልጅ፣ ግትር ነሽ።»

«ነኝ!»

ለሦስተኛ ጊዜ ችግኝ ገዛሁ። የተከልኩ ዕለት ግን ወሰንኩ፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ያን ሰው እጅ ከፍንጅ ይዤ፣ ለቀበሌም ለጤና ጣቢያውም አመለክትበታለሁ።

ጎህ ሲቀድ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ ጠበቅሁ። የአጥሩ ቀርከሃ ቀስ ብሎ ተላቀቀ። አንድ እጅ ገባ። ረጃጅም ጣቶች፣ አገዳ የጨበጡ። አገዳውን አልጣለውም፤ እንደሚተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ መደቡ ጠርዝ ላይ አጋደመው።

የእጁን አንጓ ቅልብ!

«ያዝኩህ!»

«...እንደምን አደርሽ?» አለ ከወዲያ ማዶ።

«ምን አድርጌህ ነው? ንገረኝ እስቲ፣ ምን በደልኩህ?»

እሱም በቀስታ፣

«አሁን አስተያየት እየጠየቅሽኝ ነው?»

«አዎ! እየጠየቅሁህ ነው!»

«እንግዲያው እጄን ልቀቂና ያ ጥግ ላይ የቀረውን አገዳ አንሺው።»

«እጅህን አለቅም!» አልኩና አገዳውን በእግሬ ገለበጥኩት። ስጠርግ ስቼው የከረመ አገዳ ነበር። ሥሩ ነጭ በነጭ ሆኖ ይርመሰመሳል፤ ምስጥ! አጠገቡ ደግሞ፣ አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ፣ ከመጀመሪያው ተከላ የተረፈች አንዲት ቲማቲም ደህና ቆማለች። ቅጠሏ አልተነካም።

«ራታቸው ነው» አለ ምንያህል። «ምስጥ ደረቁን ካገኘ ወደ እርጥቡ አይቸኩልም። አንቺ ግቢውን ጥርግ ስታደርጊው ያንቺን ችግኝ ካልበሉ ምን ይብሉ? አባቴ እዚህ አገር ሲመጣ ጎጆውን በልተው ጨረሱበት። ኻሚስ የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን፤ ‹ምስጥ ጋር አትጣላ። ቀድመህ አብላ፣ ኻላስ፣ በቃ› አሉት። ከዚያ ወዲያ እናበላለን።»

«እና... ለምን አልነገርከኝም?»

«ሲያስፈልገኝ እጠራሃለሁ ብለሽ የለ። ጠዋት ጠዋት እስክትጠሪኝ እጠብቅ ነበር።»

«መልሼ ስወረውርብህስ?»

«ቃሪያዬ አማረ። ባንቺ ነው ብዬሽ ነበር እኮ።»

ሳቄ መጣ። ስቄ ስቄ እንባዬ ፈሰሰ። ከበር ላይ የእትዬ አሰፋሽ ድምፅ ተሰማ።

«አንቺ ልጅ፣ እጁን ልቀቂለት እንጂ! በሱ ነው የሰው ደም የሚቀዳው!»

ለካ እስካሁን ይዤዋለሁ።

«እርስዎ ያውቁ ነበር እትዬ?»

«አውቃለሁ እንጂ! እኔን ማን ጠየቀኝ? ደግሞ ደስ ትሉኝ ነበር።»

ክረምቱ ገባ። የአጥሩ ቀዳዳ በየሳምንቱ እየሰፋ ሄደ፤ መጀመሪያ ትከሻ አሳለፈ፣ በኋላ ሰው። ቲማቲሙን በቀርከሃ ደገፍነው። ትርፍ ቅርንጫፉን ቀነጠብን። አረም ስንነቅል ጣቶቻችን ይነካካሉ፣ ሁለታችንም አረሙን ጥፋተኛ እናደርጋለን።

«አባትህ ወደ ወሎ ተመለሱ?» አልኩት አንድ ቀን።

«የለም። ለአንድ ክረምት ነው የመጣነው ይል ነበር። በየዓመቱ እንዲያ ይላል። እሄዳለሁ ብሎ አንድ ማንጎ እንኳ ሳይተክል ሞተ። እኛ ጥላ ስንፈልግ ሰው ግቢ ሄደን ነው ያደግነው።»

ሻንጣዬን አሰብኩት።

ፍሬዎቹ ወጡ። አረንጓዴ፣ ጠንካራ፣ የጨቅላ ጡጫ የሚያህሉ። ያን ሰሞን ሰራዊት ደወለ።

«አለቀ! ዝውውሩ ጸድቋል! መቼ ትመጫለሽ?»

«አንድ ቲማቲም ከጓሮዬ ልብላና መልሱን እነግርሃለሁ።»

«ምን?»

«እነግርሃለሁ አልኩህ!»

በማግሥቱ ትልቁ ቲማቲም ጠፋ። ከዚያ ሊቀላ ቢጫ ቢጫ ማለት የጀመረው። ከዚያ ሌላው። ወፍ አልኩ፣ ጦጣ አልኩ፣ የእትዬ አሰፋሽን ፍየል ያለ ጥፋቷ ሰደብኳት። ምንያህል ደግሞ በቀዳዳው መግባት ተወ። ስጠራው «ሥራ በዝቶብኛል» ይላል፣ ዓይኔን አያይም።

በልቤ አሰብኩ... መሬቱም እምቢ አለኝ። እሱም። ሻንጣው ለካ የተሻለ ያውቅ ነበር።

አንድ ቲማቲም ብቻ ቀረ፣ ያችው የተረፈችው ተክል ላይ። ጫፉ ብርቱካን መምሰል ጀምሯል። ይህን ማንም አይወስድብኝም! ጎህ ሳይቀድ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ቀርከሃው ተላቀቀ። አንድ እጅ ገባ። ረጃጅም ጣቶች...

አንጓውን ያዝኩት። በዚህኛው ጊዜ አልጮኽኩም።

«ምስጥ ነው እንዳትለኝ» አልኩ።

«...አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ለምን ምንያህል? አንተው አብቅለህልኝ፣ አንተው? ይሄ ቲማቲም ለኔ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።» አለ። «ለወንድምሽ በስልክ ስትነግሪው እትዬ አሰፋሽ ሰምተዋል። ቲማቲሟን በልታ ልትሄድ ነው አሉኝ። አንድ ቀን ብቻ ልጨምር ብዬ ቀጠፍኩ። ከዚያ... ሌላ አንድ ቀን። መለመን አልችልበትም ሳሌም። ማዘግየት ግን እችላለሁ።»

የያዝኩትን እጁን ነቀነቅሁት።

«አንተ... አንተ ጅል! ከቀላ እቀራለሁ ብዬ ነው ቃል የገባሁት! ካልቀላ ነው የምሄደው! እስካሁን ስታባርረኝ የከረምከው አንተ ነህ!»

ከእትዬ አሰፋሽ የማንጎ ዛፍ ላይ የሌሊቱ ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል።

«ከቀላ... ትቀሪያለሽ?»

«አዎ!»

«ቆይ!» አለና እጁን መንጭቆ ሮጠ። በር ሲንጓጓ፣ ባልዲ ሲገለበጥ ይሰማኛል። አጥሩን ገፍትሮ ሲገባ ካርቶን ታቅፎ ነበር። ክዳኑን ከፈተው። ጭድ ላይ የተደረደሩ ቲማቲሞች... ቀይ! እንደ በርበሬ የቀሉ!

«መጣል አልቻልኩም። አልጋዬ ሥር አስቀመጥኳቸው። ሳላያቸው ቀሉ።»

አንዱን አነሳሁ። ሳላጥበው ገመጥኩት። ጭማቂው አገጬ ላይ ፈሰሰ፣ እንባዬም ተቀላቀለበት።

«እንዴት ነው?» አለ።

«አስተያየት እየጠየቅከኝ ነው?»

«አዎ» አለ። «እየጠየቅሁሽ ነው።»

«ጨው ይፈልጋል። እኔ ደግሞ... አንተን።»

ከበሩ በኩል እልልታ ቀለጠ። እትዬ አሰፋሽ ነጠላቸውን በቅጡ እንኳ ሳይለብሱ ወጥተዋል።

«ወየው ጉዴ! እኔ ነኝ እኮ ወሬውን ያጣመምኩት!»

«እርስዎ ነዎት እትዬ!» አልናቸው እኩል።

«ደግ አደረግሁ!» አሉ፣ ትንሽም ሳያፍሩ።

ረፋዱ ላይ ለሰራዊት ደወልኩ።

«እህ፣ ምን ወሰንሽ?»

«ሻንጣ የሚፈልግ ሰው ካለ ንገረው። የኔ ባዶ ነው።»



«ሰውዬው ማነው?» አለ ወንድሜ። ሞኝ አይደለም።

መስቀል እንዳለፈ ሽማግሌዎች ደብረ ብርሃን ገቡ። ለአባቴ የአሶሳ ማንጎ ሳይሆን ካርቶን ሙሉ ቲማቲም ነበር የያዙት፤ አባቴ ነገሩን እስኪሰሙ ድረስ የተሰደቡ መስሏቸው ነበር።

በሚቀጥለው ግንቦት፣ አዲሱ ዝናብ እንደጣለ፣ ምንያህል በሁለቱ ግቢዎች መሀል ጉድጓድ ቆፈረ። የማንጎ ችግኝ አብረን ተከልን፤ እሱ ያዘው፣ እኔ አፈሩን መለስኩ። ከዚያ አጥሩን ከእትዬ አሰፋሽ ጋር ተደራድረን ነቀልነው።

«ድንበሬንማ ራሴ ነኝ የማፈርሰው!» እያሉ አንደኛውን ቀርከሃ ራሳቸው ነቀሉት።

ቀርከሃውን ሰነጣጥቀን በአዲሶቹ መደቦች ጠርዝ አጋደምነው፣ ጭቃና እበት ለወስነው። ሐምሌ ሲገባ ምስጦቹ አጥራችንን በልተው ጨርሰዋል።

ቲማቲሙን አልነኩትም።