ድምፅ የማያስወጣ ክፍል

መምህር ታዴዎስ ሞቶ የተገኘው ተማሪዎቹ ድምፃቸውን እንዲቀርጹበት በገዛ እጁ ባሰናዳው ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ ሥር በግንባሩ እንደተደፋ ነበር። ክፍሉ ከቤተ መጻሕፍቱ በስተኋላ ያለ፣ ድሮ የተሰባበረ ወንበር የሚታጎርበት የድንጋይ ዕቃ ቤት ነው። ታዴዎስ ግድግዳውን በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን አልብሶ፣ መስኮቱን ደፍኖ፣ የውጭ ጫጫታ የማይገባበት፣ የውስጥ ድምፅም የማይወጣበት አድርጎት ነበር።

ኢንስፔክተር ዘቢደር ወሰን ሰፈርን አልፋ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ጥግ ሽቅብ ሲል ከሚገኘው «ጥድ ሥር» ትምህርት ቤት ስትደርስ ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ሃያ ዓመት በፖሊስነት ስትሠራ ብዙ አስከሬን አይታለች፤ ጠባብ ቤት ግን ዛሬም አልለመደችም። ደፉ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰብስባ ገባች።

ርእሰ መምህሩ አቶ አምባዬ ከኋላዋ ሆነው ላባቸውን ይጠርጋሉ። «አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ያለው ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነው፤ ጭሱ በዚያች የአየር ቀዳዳ ገባ። እሱም ሥራ ላይ ሆኖ ልብ ሳይል ጣለው። ምን ይባላል፣ ቀኑ ደርሶ ነው።»

«በሩ እንዴት ነበር?»

«ተዘግቶ። ግን አልተቀረቀረም። ስድስት ሰዓት ላይ ስቤ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ጥበቃው ጋሼ ጋሮማም አብረውኝ ነበሩ።»

ዘቢደር በሩን አየችው። የዕቃ ቤት በር ስለነበረ መቀርቀሪያው ያለው በውጭ በኩል ብቻ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሟቹን እጅ አነሣች። በጥፍሮቹ ውስጥ የስፖንጅ ፍርፋሪ ሞልቷል፤ የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል። በበሩ ዙሪያ ያለው ካርቶን ከደረት ከፍታ ጀምሮ ተቦጫጭቋል። ወለሉ አጠገብ ያለችው የአየር ቀዳዳ ደግሞ በአንድ ቡናማ ጃኬት ጥርቅም ተደርጋ ተወትፋለች።

«ጃኬቱ የማን ነው?»

«የራሱ። ድምፅ እንዳይገባበት ደፍኗት ይሆናል» አሉ አቶ አምባዬ።

ዘቢደር ረዳቷን ሳጅን ሊሊሳን ጠራችው። አስከሬኑ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ፣ «ልገባ ነው፤ ዝጋብኝ። ቀርቅርና ቤተ መጻሕፍቱ መሐል ሄደህ ቁም። ለአምስት ደቂቃ አትክፈት» አለችው።

በሩ ሲዘጋ ጆሮዋ ደነቆረ። ጮኸች፤ ድምፅዋን ግድግዳው ዋጠባት። በቡጢ መታች፤ ስፖንጁ ቡጢዋን ተቀብሎ ዝም አለ። ስልኳን አወጣች፣ ኔትወርክ የለም። በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሊሊሳ እንደሚከፍትላት እያወቀች፣ ላይከፍትልኝ ይችላል የሚል ሐሳብ መጣባት። ያ ሐሳብ አንዴ ከመጣ በኋላ አልሄደም። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሳታስበው ካርቶኑን እየቧጠጠች ራሷን አገኘችው።

በሩ ሲከፈት ሊሊሳ ደንግጦ አያት። «ምን ሆኑ? ምንም እኮ አልሰማሁም።»

«እሱንም ማንም አልሰማውም» አለች። «የግቢው በር ይዘጋ። ከዚህ ማንም እንዳይወጣ።»

ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት በግቢው የነበሩት ጥቂት ናቸው። ሁሉም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀመጡ፤ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ሊሊሳ በሩ ላይ ቆሟል። ዘቢደር አንድ በአንድ እያስጠራች ሰልፍ ሜዳው ጥግ ባለው የጥበቃ ቤት አነጋገረቻቸው።

መጀመሪያ ጋሼ ጋሮማ መጡ። ከእንጦጦ ጥግ ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ ሽማግሌ ናቸው።

«ታዴዎስ ሁለት ተኩል ላይ ገባ። ዘረሰናይ፣ የኮምፒዩተር አስተማሪው፣ ሦስት ሰዓት ላይ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከእሱ ትንሽ ቀደም ብለው። መብራት ሲጠፋ ሞተሩን አስነሣሁ፤ አምስት ተኩል ላይ ሲመጣ አጠፋሁት። ዳይሬክተሩ የመጡት አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ የመጣ ወንበር ነበር፣ አብረን በር ላይ ስናራግፍ ቆየን።»

«ከመካከል የወጣ አለ?»

«ወይዘሮ ፈትለወርቅ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ወደ ወሰን ወረዱ፤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተመልሰው እኛው ጋ በር ላይ ቆሙ። መዝገቡ ላይ አለ።»

«ታዴዎስ ክፍሉ ውስጥ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «አላወቅኩም፣ ልጄ። ቤተ መጻሕፍት ነው ብዬ ነበር።»

ምክትል ርእሰ መምህር ፈትለወርቅ ሃምሳውን ያለፉ፣ ንግግራቸው የማይታጠፍ ሴት ናቸው። ታዴዎስን እንደማይወዱት አልደበቁም።

«ልጆቹ ማትሪክ ደርሶባቸው እሱ ማይክ ያስጨብጣቸዋል። ብሎግ ጻፉ ይላል፤ ድምፃችሁን ቅረጹና ኢንተርኔት ላይ ልቀቁ ይላል። ስሕተት ቢሆንም ሞክሩት ይላል። ልጅ ስሕተቱን አደባባይ ያወጣል? ትናንት ይህንኑ ነግሬዋለሁ። ክፍሉንም መልስልን ብዬዋለሁ።»

«ዛሬ ወደ ክፍሉ ሄደው ነበር?»

«አልሄድኩም» አሉ። መልሱ ቶሎ መጣ። ጣታቸው የነጠላቸውን ጥለት ይጠቀልል ጀመር።

ዘረሰናይ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ሲቀመጥ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ኮምፒዩተር ክፍል ነበርኩ። ጄኔሬተሩ ከተነሣ በኋላ ለተማሪዎች የድምፅ ትምህርት ቀረጽኩ፤ እስከ አራት ተኩል ወሰደብኝ። አሥር ደቂቃ ቆይቼ የትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ ለጠፍኩት። ሰዓቱ ይታያል፣ ይኸው።»

«ከታዴዎስ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ጥሩ። ኮምፒዩተሩን የማስተካክልለት እኔ ነበርኩ።»

«ዛሬስ አግኝተኸዋል?»

«ሰላም ብቻ ነው የተባባልነው።»

የመጨረሻዋ ሔራን ናት፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የታዴዎስ ክበብ ሰብሳቢ። ከመሪ ኮንዶሚኒየም ለክበቡ ስብሰባ ስድስት ሰዓት ላይ መጥታ ሬሳ ነው የጠበቃት። ዐይኗ አብጧል።

«ያቺን ቀዳዳ አይደፍናትም» አለች ስለ ጃኬቱ ስትጠየቅ። «እኛ ስንደፍናት ይቆጣን ነበር። ‹ድምፁ ቢበላሽ ይበላሽ፣ ሰው ነው የሚተነፍሰው› ይለናል።»

«ስልኩስ? ቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ነው ያገኘነው።»

«ወደ ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቀረጻው ውስጥ ጥዝ ይላል። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ሰሞኑን ምን ይሠራ ነበር?»

«‹የሰፈሬ ድምፅ› የሚል ሥራ ሰጥቶን ነበር። እያንዳንዳችን አንድ ድምፅ ቀርጸን፣ ስለ እሱ ብሎጋችን ላይ እንጽፋለን። እኔ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ከኮምፒዩተር ክፍሉ ጀርባ የዝናብ ጠብታ ቀረጽኩ። ዓርብ ቲቸር ጠራኝና፣ ‹ይህን ለጊዜው አትልቀቂው። መጀመሪያ አንድ ሰው የራሱን ነገር በራሱ አንደበት እንዲናገር ዕድል ልስጠው› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።»

ዘቢደር ወደ ፊት ጠጋ አለች። «ቀረጻው የት ነው?»

«ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ላይ የሁላችንም አለ።»

ሄደው አዩ። የአሥራ አራት ተማሪዎች ሥራ ተደርድሯል። የሔራን ዝናብ ብቻ የለም።

ልጅቷ ስክሪኑን አይታ፣ «እኔ ጋ ግን አለ» አለች። «ዋናውን አታጥፉ፣ የምትቆርጡት ግልባጩን ነው ይለን ነበር።»

ዘቢደር የሔራንን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሦስት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ የዘረሰናይን ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማች። ቀጥሎ ጋሼ ጋሮማን ጄኔሬተሩን እንዲያስነሡ አዘዘቻቸው፤ በሩን ራሷ እየጠበቀች ሊሊሳን ኮምፒዩተር ክፍል ልካ አንድ ገጽ እያነበበ እንዲቀርጽ አደረገች። ይህ ሁሉ ሲሆን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሞተሩን ድምፅ እየሰሙ ተቀምጠዋል። አንዴ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተነሥተው ውኃ ልጠጣ አሉ፤ ሊሊሳ ከቀረጻው ሲመለስ ውኃውን እዚያው አመጣላቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ዘቢደር ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«አቶ አምባዬ አደጋ ነው ብለውኛል» ብላ ጀመረች። «አደጋ ቢሆን ታዴዎስ ጭሱ ሲሸተው በሩን ገፍቶ ይወጣ ነበር። እሱ ግን ጃኬቱን አውልቆ ቀዳዳዋን ወተፈ። በሩ እየተከፈተለት ጃኬቱን የሚወትፍ ሰው የለም። በሩን በቡጢ መታ፣ ካርቶኑን ቧጠጠ። ስለዚህ ከውጭ ተቀርቅሮበት ነበር። ሬሳው ሲገኝ ደግሞ መቀርቀሪያው ተስቧል። አንድ ሰው ቀርቅሯል፤ በኋላም መጥቶ ከፍቷል።»

ዘቢደር ወደ ምክትል ርእሰ መምህሯ ዞረች።

«ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ አልሄድኩም ያሉኝን አሁንም አልሄድኩም ይላሉ?»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ለቀቁት። ድምፃቸው ቀነሰ። «መዝገበ ቃላት ልወስድ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ እዚህ ገብቼ ነበር። ተቀርቅሮ አየሁት። ሰው የለም ማለት ነው ብዬ አለፍኩ። ከበሩ ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ። ምንም አልሰማሁም፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ምንም አልሰማሁም። ሲሞት ግን… ከትናንቱ ጠብ በኋላ ማን ያምነኛል ብዬ ደበቅኩ።»

«እኔ አምንዎታለሁ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ተቀርቅሮ ነበር ማለት ነው። እርስዎ በአራት ከሃያ ወጥተው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተመልሰው ከነጋሼ ጋሮማ ጋር ግቢው በር ላይ ቆመዋል፤ ክፍሉን መክፈት አይችሉም። አቶ አምባዬ የደረሱት አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሲቀረቀር አልነበሩም። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጋሼ ጋሮማና ዘረሰናይ።»

ጋሼ ጋሮማ ባርኔጣቸውን ጨበጡ። ዘረሰናይ፣ «እኔ እኮ የት እንደነበርኩ አሳይቻለሁ» አለ በቀስታ።

«አሳይተሃል። ሞተሩ እየሠራ ቀረጽኩ ብለሃል። ሊሊሳ፣ የአንተን አሰማቸው።»

የሊሊሳ ንባብ በጄኔሬተሩ ጩኸት ተውጦ ተሰማ። ቀጥሎ የዘረሰናይ ትምህርት ተሰማ፤ ጥርት ያለ፣ ከአንድ ሰው ድምፅ በስተቀር ምንም የሌለበት።

«ኮምፒዩተር ክፍሉንና ጄኔሬተሩን የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው» አለች ዘቢደር። «ዛሬ የለጠፍከው ሌላ ቀን የቀረጽከውን ነው። ሰው ባልነበረበት ቦታ ነበርኩ የሚለው፣ የነበረበት ቦታ ሲያስፈራው ነው። አሁን ደግሞ የሔራንን ዝናብ ስሙ።»

ጠብታ ተሰማ፤ ቆርቆሮ ላይ፣ ከዚያ ባልዲ ውስጥ። ከጠብታው ወዲያ፣ በግድግዳ ውስጥ እንደሚመጣ፣ ያው የዘረሰናይ ድምፅ ቁጥርና ፊደል በስልክ ያነባል፤ «አሥራ ሰባት፣ ሐ። አሥራ ስምንት፣ ሀ። አሥራ ዘጠኝ፣ መ።»

አቶ አምባዬ ፊታቸው ተለወጠ። «ይህ የማጠቃለያ ፈተናው መልስ ነው። ገና ሰኞ ነው የሚሰጠው።» ወደ ዘረሰናይ ዞሩ። «ያተምከው አንተ ነህ።»

ዘረሰናይ ፊቱን ወደ ፍርግርጉ መስኮት አዞረ።

«ያነበብኩት ለእኅቴ ልጅ ነው» አለ። «ሁለት ጊዜ ወድቋል። ታዴዎስ ዓርብ ጠራኝና፣ ‹እኔ አልናገርብህም፤ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ራስህ ለዳይሬክተሩ ንገር› አለኝ። እኔ ያሰብኩት ፋይሉን ማጥፋት ብቻ ነበር። ሲገባ ቀረቀርኩበትና ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፋይሉን ስከፍት መብራት ጠፋ።»

«ጄኔሬተሩ ተነሣ።»

«ተነሣ። ፋይሉን አጠፋሁት። ከዚያ ልከፍትለት ተነሣሁ። ምን እለዋለሁ? ሆን ብዬ እንደዘጋሁበት ያውቃል። ትንሽ ልረጋጋ ብዬ ክፍሌ ተመለስኩ። አሁን እከፍታለሁ፣ አሁን እከፍታለሁ ስል፣ የቆየሁበት ደቂቃ ሁሉ መክፈቱን ይበልጥ ከባድ አደረገው።»

«የጭሱ ቧንቧ ወዴት እንደሚተነፍስ ታውቅ ነበር?»

ዘረሰናይ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ክፍልህ ከጎኑ ነው። ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ። «አምስት ሰዓት አካባቢ ትዝ አለኝ። ሮጥኩ። በሩ ጋ ስደርስ ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ድምፅ የለም። ድምፅ እንደማያስወጣ እያወቅኩ፣ ድምፅ የለም ብዬ ቆምኩ። ስከፍተው…» አልጨረሰውም።

«ስትከፍተው እስትንፋስ ነበረው?»

«አልነካሁትም። መልሼ ገፋሁት።»

ሔራን ተነሥታ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ሄደው ትከሻዋን ያዙ፤ ልጅቷም አልከለከለቻቸውም። ሊሊሳ ዘረሰናይን ይዞት ወጣ። ተዘግቶ የዋለው በር ሲከፈት ብርሃኑ ሁሉንም ዐይናቸውን አስጨፈናቸው።

ዘቢደር ወረቀቷን ጨርሳ ስትወጣ ጋሼ ጋሮማን ከጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ባርኔጣቸው መሬት ወድቋል። አንሥታ አቧራውን አራገፈችላቸው።

«እርስዎ አላወቁም፣ ጋሼ» አለች።

«አላወቅኩም። እጄ ግን የእኔ ነው፣ ልጄ። ገመዱን ሦስት ጊዜ ነው የሳብኩት፤ እንቢ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሲነሣ ደስ አለኝ።»

ሕጉ ነፃ ናቸው ይላል፤ እሳቸው የጠየቋት ግን ሕጉን አልነበረም። አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሔራን ቦርሳዋን አንግታ ከሰልፍ ሜዳው በኩል መጣች። ለመሄድ የተነሣች መስላ ሽማግሌውን ስታይ ቆመች። «ጋሼ ጋሮማ፣ ስለ ቲቸር ልንሠራ ነው፤ እኛ ተማሪዎቹ» አለች። «መናገር የሚፈልጉት ነገር ካለ። ይለጠፍ ካላሉ አንለጥፈውም።»

«እኔ ምን እናገራለሁ? አማርኛዬም የተስተካከለ አይደለም።»

«እሱ ተሳስታችሁም ቢሆን ተናገሩ ነበር የሚለን።»

ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣ መቅረጫውን በመካከላቸው አኖረች። ዘቢደር ልትነሣ ስትል ሽማግሌው እጇን ያዟት፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ከታች ከወሰን በኩል የሚኒባስ ረዳት «መገናኛ፣ መገናኛ» ይላል። ጋሼ ጋሮማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጋሮማ እባላለሁ» አሉ። «የዚህ ግቢ ጥበቃ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ሞተሩን ያስነሣሁት እኔ ነኝ።»