አርዙን የቀበርኩበት ቦታ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እንዲያውም በሚያምኑት ላይ ማሾፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ደባርቅ ፊዚክስ ሳስተምር "ጓሯችን ውስጥ ድምፅ ሰማሁ" ያለች አንዲት ተማሪ በሙሉ ክፍሉ ፊት አስቄባት እያለቀሰች እንደወጣች ትዝ ይለኛል። ይህን የምነግርህ ደግ ሰው ነበርኩ ብዬ እንዳልመጣሁ ከመጀመሪያው እንድታውቀው ነው።

ያኔ የምሳሳለት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፣ አምፕሊፋየሬና ሁለቱ ስፒከሮቼ፣ ከጎንደር በሚኒባስ ጭኔ ላይ አቅፌ ያመጣኋቸው። ታዲያ ገና ሲበሩ እምምም ይላሉ፣ ዘፈኑ ጋብ ባለ ቁጥር ያው እምምም፣ እመነኝ፣ ከጥርስ ሕመም አይተናነስም። የድምፁን ሽቦ ከመብራቱ ሽቦ አራራቅኩ፣ ሽቦውን ራሱን ለወጥኩ፣ ፍሎረሰንቱን አጠፋሁ፣ የሰፈሩ ወፍጮ ይሆናል ብዬ ወፍጮ የማይሠራበትን እሑድ ጠበቅኩ፣ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የቀረኝ አርዝ ነበር፣ ማለትም ማሽኑ ውስጥ የሚንከራተተውን ትርፍ ኤሌክትሪክ የሚያወርድ፣ መሬት ውስጥ የሚቀበር ብረት።

እዚህ ላይ ነው አከራዬ እትዬ አስካለ የሚመጡት፣ ስድሳን ያለፉ፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሴት። ቤቱን ሲያከራዩኝ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፣ ጓሮዬ እንዳይቆፈር አሉ። ያን የሚያህል ጓሮ ጎመን እንኳ አይተከልበትም። "ወርቅ ቀብረዋል እንዴ?" ብዬ ስቀልድባቸው ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ገቡ፣ እኔም በሆዴ ስቄ ተውኩት።

በጥር አንድ ቅዳሜ እትዬ አስካለ አምባ ጊዮርጊስ ለተዝካር ሄዱ። በራቸውን ቆልፈው ከመውጣታቸው ሜትር ተኩል ፌሮና መዶሻ ይዤ ጓሮ ገባሁ፣ ለአርዝ እርጥብ አፈር ስለሚመረጥ እሳቸው ሁልጊዜ የዕቃ እጣቢ የሚደፉበትን ጥግ መረጥኩ። ፌሮው መጀመሪያ እየታገለ ገባ፣ አንድ ክንድ ያህል ከሄደ በኋላ ግን ድንገት ስምጥ አለ፣ ባዶ ነገር ውስጥ እንደገባ። አልገረመኝም፣ ጨውና ከሰል ነስንሼ ውሃ ደፋሁበት፣ ሽቦውን በመስኮት አስገብቼ ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር አሰርኩት።

እምምም የሚለው ቀጥ አለ። የደስታዬን ነገር አልነግርህም፣ ምንም ሳልከፍት ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨምሬ ጸጥታውን ብቻ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ትንሽ ቆይቶ ከግራው ስፒከር አንድ ነገር መጣ፣ ልስልስ ያለ፣ ጭክ ጭክ ይልና ያርፋል፣ እንደገና ጭክ ጭክ፣ የሚጠባ ሕፃን እንደሚያደርገው። ከዚያ ስርቅታ። ከዚያ ቀጭን ልቅሶ፣ ገና ድምፁ ያልጠና የአራስ ልጅ ልቅሶ።

ፊዚክስ መምህር ነኝ አይደል፣ ሽቦው አንቴና ሆኖ የሬዲዮ ጣቢያ ጠለፈ አልኩ። ማጫወቻውን ነቀልኩ፣ ከአምፕሊፋየሩ ጋር የተያያዘውን ሽቦ ሁሉ አወጣሁ፣ ከመብራቱ፣ ከስፒከሮቹና ከአርዙ በቀር ምንም አልቀረም፣ ልቅሶው አለ። አርዙን ስፈታው ልቅሶው ጠፍቶ እምምም ተመለሰ፣ ሳስረው እምምም ጠፍቶ ልቅሶው ተመለሰ፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። በሦስተኛው እንደታሰረ ተውኩት፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቀና ስል እትዬ አስካለ ከተዝካሩ ተመልሰው ደጃፌ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል፣ የቀሚሳቸው ደረት ላይ ሁለት ቦታ ርሷል። ዝናብ ነው አልኩ፣ ከዚያ ጥር መሆኑ ትዝ አለኝ፣ ውጭው ፀሐይ ነው። እሳቸው እኔን አላዩኝም፣ ሄደው ስፒከሩ ፊት ተንበረከኩ።

"ሠላሳ ስምንት ቀኑ ነበር" አሉ። "ሁለት ቀን ቢቆይልኝ ክርስትና ይነሣ ነበር።"

የቀረውን ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ሳይጠመቅ የሞተ ነውና ፍትሐት የለው፣ ቤተ ክርስቲያን አይቀበር፣ የባላቸው እናትና ጎረቤቶቻቸው ወስደው ጓሮ ቀበሩት፣ አራሷ ሄዳ እንዳትቆፍረው ብለውም ቦታውን ደበቋት። ያወቁት ሴቶች አንድ በአንድ ሞቱ። አርባ ዓመት የቱን እንደምትረግጥ ሳታውቅ በጓሮዋ ስትመላለስ የኖረች እናት ናት እንግዲህ እኔ በወርቅ የቀለድኩባት። እጣቢውን ምኑ ላይ ትደፋ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

"እናትህ ነኝ" አሉት ለስፒከሩ፣ ልቅሶው ረገብ አለ፣ ጆሮውን የሰጠ መሰለኝ። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። "መምህር፣ አንተ የተማርህ ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጓሮዬን ቆፍረሃል?"

አዎ ብል ቦታውን ላሳያቸው ነው፣ ሴትዮዋ ያንን ብቻ ነበር የሚፈልጉት፣ አንድ ጣት መቀሰር ነበር። ግን ፈራሁ፣ ትእዛዛቸውን ጥሼ ምን እንደወጋሁ ሊጠይቁኝ ነው፣ ደግሞም ዕድሜዬን ሙሉ የሳቅኩበትን ነገር በገዛ አፌ ልመሰክር ነው፣ ኩራቴ አልፈቀደም።

"አልቆፈርኩም" አልኩ። "ሬዲዮ ነው፣ እትዬ። የሱዳን ጣቢያ ይሆናል።"

እንዲህ ስል ልቅሶው ቀጥ አለ። እትዬ አስካለ የራሰ ደረታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፣ እንደ ኮረዳ አፍረው፣ "አሮጊት ሞኝ ነው" አሉና ግድግዳውን እየደገፉ ወጡ። እኔ ግን እዚያው ደርቄ ቀረሁ፣ ምክንያቱም ወዳጄ፣ ሬዲዮ ስለ እሱ የምትናገረውን አይሰማም።

በማግስቱ ቅዳሴ ሲሄዱ ፌሮውን ልነቅል ገባሁ። እምቢ አለኝ። ብረት አፈር ይዞት እምቢ ሲል አውቀዋለሁ፣ ይህ እንደዚያ አልነበረም፣ ስስብ ይስባል፣ ስለቅ ይለቃል፣ አቅም እንደሌለው ትንሽ እጅ። በሁለት እጄ መንጭቄ አወጣሁት፣ ጉድጓዱን በአመድ ደፈንኩት፣ በዚያው ወር ቤቱን ለቅቄ ወጣሁ፣ ዓመቱ ሲያልቅም ዳባት ተዛወርኩ።

እትዬ አስካለ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ቤተ ክርስቲያን ነው የተቀበሩት፣ በፍትሐት፣ በቄስ፣ ከጓሮው ሩቅ። ቦታውን አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ለእሳቸው ያልነገርኩትን ለማን እነግራለሁ።

ዳባትም ማሽኔ እምምም ይላል፣ ሰዎች አስተካክለው ይሉኛል፣ እኔ ግን አልነካውም፣ ያ ድምፅ እስካለ ድረስ ሌላ ነገር አልሰማም ብዬ ቀን ከሌት አበራዋለሁ። ምንም አላደረግሁለትም፣ አርዝ አልቀበርኩለትም፣ ሽቦ አልቀየርኩለትም። ከዚህ ሳምንት ወዲህ ግን በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ነው።