በቤንዚን ጋን የገባ ላምባ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር የመጨረሻው ማክሰኞ፣ ፀሐይ ገና ከሃንጋሩ ጣሪያ ከፍ ሳትል፣ ባለ ሁለት ሞተሯ አውሮፕላን በማኮብኮቢያው ዳር ቆማ ነዳጅ ትሞላ ነበር። ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ጠላት ጋር የተኩስ አቁም ውል እንዲፈራረሙ የተመረጡት ጄኔራልና ስምንት መኮንኖቻቸው የሚሄዱት በእርሷ ነው፤ ስለዚህም ሜዳው በወታደር ተሞልቶ፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ዙሪያውን ያይ ነበር።

ፓምፑን የሚገፋው ሰው በሜዳው ሁሉ «አፍንጫው» ይባላል። ቅጽል ስሙ በከንቱ አልወጣለትም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከበርሜል አፍ ጠብታ በመዳፉ ተቀብሎ አንዴ ሲያሸት፣ ይህ ደህና ቤንዚን ነው፣ ይህ ውሃ ገብቶበታል ብሎ የሚለይ፣ መሐንዲሶቹም ቃሉን ሳይጠይቁ የሚቀበሉት ባለሙያ ነበር። ቀድሞ ሥራው ቀላል ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ሁሉ ባለ ፒስተን ስለነበሩ የሚጠጡት ቤንዚን ብቻ ነው። አምና ግን ባለ ተርባይን የሚባሉት አዲሶቹ መጡ፤ የእነሱ ነዳጅ የኩራዙ ላምባ የቅርብ ዘመድ ነው። በተርባይን ውስጥ እሳቱ አንዴ ከተያያዘ ሳያቋርጥ ስለሚነድ ላምባው ይስማማዋል፤ ፒስተን ግን በብልጭታ ቦግ የሚል ቀላል ቤንዚን ካላገኘ፣ ጥቂት አንኳኩቶ ታፍኖ ይቆማል።

ምን ያደርጋል፣ አዲሶቹ በመጡበት ዓመት አፍንጫው ታመመ። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ማሽተቱ ግን አብሮ ሄደ፤ ሳሙናም ሆነ ያረረ ወተት አይሸተውም። ይህን የምታውቅ ሚስቱ ብቻ ናት። ተናገርና ሌላ ሥራ ይስጡህ ብትለው፣ እሺ ነገ እያለ አንድ ዓመት ከረመ። አፈረ፤ ሌላ ምክንያት የለውም። በርሜሎቹ ቀለም የተቀቡ ናቸው፣ ቀዩ ለቤንዚን ነጩ ለላምባ፤ ስለዚህ በዓይኑ እየለየ፣ ለደንቡ ያህል አሽትቶ ራሱን ነቅነቅ ያደርግ ነበር።

ያን ጠዋት ስድስተኛውን ቀይ በርሜል አሟጥጦ የአውሮፕላኗን የነዳጅ ጋን ክዳን ካጠበቀ በኋላ መዳፉን በሱሪው ጠረገ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ጠረገ። ቤንዚን እጅ ላይ አይቆይም፤ ቆዳን ቀዝቀዝ አድርጎ ብን ይላል። ይህ ግን አልሄድ አለ፤ ጣቶቹን ቢያፋትግ ተሙለጨለጩበት። ክው አለ። ከኪሱ የዕቃ መረከቢያ ወረቀት አውጥቶ ከፓምፑ አፍ አንድ ጠብታ ጣለበትና ጠበቀ፤ ጠብታው በመድረቅ ፈንታ ቅባት ሆኖ ተንሰራፋ። የግምጃ ቤት ሰዎች በጥድፊያ ቀዮቹን በርሜሎች በላምባ ሞልተው ሰደዋል፤ እሱም ያንኑ ቀድቷል።

በሃንጋሩ በር ላይ የተለጠፈው ትእዛዝ፣ በአውሮፕላን ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ፣ ሆነ ብሎም ይሁን በስንፍና፣ እንደ ጠላት ተባባሪ ይቆጠራል ይላል፤ የፈረሙትም እኚሁ ጄኔራል ናቸው። ባለፈው ወር ከጎማ ክፍል ሁለት ሰዎች ለጥያቄ ትፈለጋላችሁ ተብለው እንደወጡ ቀርተዋል። የአንደኛው ካፖርት እስካሁን በምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሚነካው የለም።

ሰይጣንም ምክሩን አልነፈገው። በቧንቧው ውስጥ የትናንቱ ቤንዚን ስላለ ሞተሮቹ ይነሣሉ፤ አውሮፕላኗም ከመሬት ትለቃለች፤ ላምባው ሲደርስ ወንዙ ላይ ትወድቃለች። ከቃጠሎ በኋላ በጋኑ ምን ነበረ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ጠላት መታት ይባላል፤ እሱም ማታ ከሚስቱ ጋር ራቱን ይበላል። መዳፉን እንደገና በሱሪው ጠረገ።

አብራሪው ሻምበል ትሑት ወጣት ነበር፤ ሳይጠይቅ ሞተር አስነሥቶ አያውቅም፤ እንደ ልማዱ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ጋሼ፣ አሸተቱት?»

«አዎ» አለ አፍንጫው። ከአፉ ያወጣው ፍርሃቱ ነው።

ሻምበሉ አመስግኖ ወጣ፤ መንገደኞቹ ገቡ፤ ውልብልቢቶቹ መሽከርከር ጀመሩ። አፍንጫው በላብ ተጠምቆ ቆሞ ሳለ፣ እግሩ ከሐሳቡ ቀድሞት፣ እጆቹን ዘርግቶ ከአውሮፕላኗ ፊት ሮጠ። ወታደሮቹ መሣሪያቸውን አቀባበሉ፤ ሞተሮቹ ጠፉ፤ ጄኔራሉም ወረዱ።

«ማን ነው ያዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም፣ ጌታዬ። ጋኑ ውስጥ ያለው ላምባ ነው። የቀዳሁትም እኔ ነኝ።»

ሻምበሉ ፊቱ አመድ መስሎ፣ አሽትቻለሁ ብለውኝ አልነበረም ወይ ሲል ጠየቀው።

«ካመመኝ ወዲህ አይሸተኝም፣ ሻምበል። ዋሽቼዎታለሁ።»

አንድ መካኒክ ከጋኑ ሥር ቀድቶ በወረቀት ሞከረው፤ ቅባቱን ሁሉም አየ። ጋኑን አራግፎ፣ ቧንቧዎቹን አጥቦ እንደገና መሙላት አራት ሰዓት ፈጀ። አፍንጫውን ግን ሁለት ወታደሮች ወዲያው ወደ መኪና ወሰዱት። ዞር ብሎ ሻምበሉን ተመለከተ፤ ሻምበሉ ጫማውን ያይ ነበር።

የገዛ ሜዳቸው ሊገድላቸው እንደነበር ጠላት ቢሰማ በድርድሩ ላይ ይንቃቸዋልና፣ ጄኔራሉ በረራው በጭጋግ ምክንያት ዘገየ ተብሎ እንዲመዘገብ አዘዙ። ውሉም ከሰዓት በኋላ ተፈረመ።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ወደ አዛዡ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ሰጥቷት መዝገቡን ገለጠ።

«እናቴ፣ ማክሰኞ ዕለት የተፈጠረ ነገር የለም። በረራው የዘገየው በጭጋግ ነው። ጥፋት ከሌለ ደግሞ የታሰረ ሰው የለም።»

«ማክሰኞ እኮ ልብስ አጥቤ ነበር» አለች። «ረፋዱ ላይ ደርቆ አነሣሁት።»

ጸሐፊው በሩን አየና መዝገቡን ከደነው።

ስለዚያ ውል ብዙ ተጽፏል፤ የጄኔራሉ ብልሃትም ተወስቷል፤ አንዱ መጽሐፍ በግርጌው ልዑካኑ በጭጋግ አራት ሰዓት መዘግየታቸውን አይዘነጋም። ሻምበሉ ሸምግሎ በአልጋው ላይ ሞተ፤ ስለዚያ ጠዋት አንድ መስመር አልጻፈም። ዘጠኙ መንገደኞች ወደየቤታቸው ገቡ፤ ልጆች ዳሩ፤ የልጅ ልጅ አዩ። ያቺ ሴት ግን ባሏ ሲመጣ ማንኳኳት እንዳያስፈልገው ብላ፣ እስከ ዕለተ ሞቷ በሯን ሳትቀረቅር አደረች።