የጠፋው የቃላት መሳቢያ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የቼክ ቋንቋ ክፍል ማኅደር ሲከፈት አርባ ሰባተኛው መሳቢያ የለም።

መሳቢያው ሁለት ሺህ ካርዶች ነበሩበት። የምሥራቅ ቼክ አውራጃ የሆነችው የሞራቪያ ሽማግሌዎች እያንዳንዱን ስም ሲያረቡ ከአፋቸው እየተሰማ በእጅ የተጻፉ ናቸው። ቅጂ የላቸውም። የተማሪዋ የቱየት የዶክትሬት ጽሑፍ በሙሉ የቆመው በእነዚያ ካርዶች ላይ ነው፤ ፈተናዋ ደግሞ ሐሙስ ነው። ማስረጃሽ የት አለ ቢሏት የምታሳየው የላትም።

የማኅደሩ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ቱየት፣ የማኅደሩ ጠባቂ አቶ ሉቦር፣ እና የቱየትን ጽሑፍ እንድትገመግም የተመደበችው ዶክተር ሚሌና። የክፍሉ ፕሮፌሰር ሆራሊክ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ስለሚጥል ለእሱ መስጠት ከተተወ ቆይቷል።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ብራዝዲል ተሰጠ። ይህ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ ሕንፃ ውስጥ የስም እርባታ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቆ ነው ፖሊስ የሆነው። ደረጃውን ሲወጣ ያ ውድቀቱ ትዝ አለው። ቱየትን ሲያያት ደግሞ ባሰበት። ወላጆቿ ከቬትናም መጥተው ኼብ ከተማ ገበያ ውስጥ ልብስ የሚሸጡ ልጅ እሱን ያሸነፈውን ትምህርት እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ቀናባት። መቅናቱንም ያውቀዋል።

ዶክተር ሚሌና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ሰው ማማት አልወድም፤ ግን ጽሑፏ ከካርዶቹ ጋር ባይገጥምስ? እንዳይመሳከርባት ራሷ ደብቃው ቢሆንስ?»

ወሬው ለቅናቱ ስለተመቸው ብራዝዲል ሳያመነታ የልጅቷን መኝታ ክፍል አስፈተሸ። ፍራሿ ተገለበጠ። ልብሷ ወለል ላይ ፈሰሰ። ሚሌና በሩ ላይ ቆማ ታያለች። የተገኘ ነገር የለም።

«ጨረሳችሁ?» አለች ቱየት ልብሷን ከወለሉ እያነሳች። «ወይስ የእናቴን ሱቅም ትፈትሻላችሁ?»

ብራዝዲል በራሱ አፈረ።

ከዚያ ወደ አቶ ሉቦር ዞረ። ሽማግሌው በግድ ጡረታ ሊወጣ መሆኑንና መናደዱን ሁሉም ያውቃል።

«ዓርብ ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም በቦታው እያለ ቆለፍኩና ወደ ገጠር ቤቴ ሄድኩ፤ የተመለስኩት ትናንት ማታ ነው። ዓሳማ አርደን ነበር።»

«ማን ያውቅልዎታል?»

«መንደሩ በሙሉ! የቀበሌያችን ፖሊስ አዛዥ ራሱ ለቋሊማ የሚሆነውን ደም ሲያማስል ነው የዋለው። ደውልለት። ቋሊማም አምጥቻለሁ፤ ብላ፣ ከስተሃል።»

ብራዝዲል ደወለ። እውነት ነው። ቋሊማውንም በላ።

እየበላ የመሳቢያውን ቦታ ደግሞ አየ። ባዶ አይደለም። የመዳፍ ስፋት ያላት አሮጌ እንጨት ቆማበታለች።

«ይህች ምንድን ናት?»

አቶ ሉቦር መነጽሩን አስተካከለ። «ይቺማ የዱሮ ሥርዓታችን ናት። መሳቢያ ያወጣ ሰው ቦታው እንዳይጠፋ እንጨት ያቆም ነበር። ከስድስት ዓመት ወዲህ ቀርቷል፤ አሁን መዝገብ ላይ ነው የሚፈረመው። እንጨቶቹን እታች ቁም ሳጥን ውስጥ ወርውሬያቸዋለሁ።»

«ቱየት መቼ መጣች?»

«ከሦስት ዓመት በፊት። እንጨቶቹ መኖራቸውንም አታውቅም።»

ብራዝዲል ቋሊማውን አስቀመጠ።

ሚሌናን ወደ ማኅደሩ አስጠራት። እንጨቷን ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

«ዶክተር፣ ይህችን ማን አቆማት?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ሉቦር መንደሩ ነበር። ልጅቷ ሥርዓቱን አልደረሰችበትም። ማን ቀረ?»

ሚሌና እንጨቷን አየቻት። ፊቷ ተለዋወጠ። ማቆሟን ራሷም ልብ አላለችው ነበር፤ የለመደ እጇ ነው የሠራው።

«መሳቢያው ቤቴ ነው» አለች። «የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ።»

«የጎደለ ካርድ አለ?»

«ምን ነክቶኝ ነው የማጎድለው!» ብላ ጮኸች። «ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ! ሃያ ሁለት ዓመት በአውቶቡስ፣ በበረዶ፣ ከመንደር መንደር። ባለፈው ወር እንደ ልደት የሚከበረው የስሜ ቀን ነበር። ለሁሉም ኬክ እየቆረስኩ ፕሮፌሰሩ ወደ እሷ ዞሮ ‹እንዲህ ያለ ጆሮ በሕይወቴ አላጋጠመኝም› አላት። እኔ ቢላዋ ይዤ ቆሜያለሁ። እንኳን አደረሰሽም አላለኝ። እጄ አመድ አፋሽ ነው።»

«ስለዚህ ሰረቁ?»

«ስህተቷን ልፈልግ ነው የወሰድኩት። ቅዳሜና እሑድ ካርድ በካርድ አመሳከርኩ። ዛሬ ማንም ሳይገባ ልመልሰው ነበር። ግን ቸኩዬ መሳቢያውን ቤት ረስቼ ወጣሁ፤ ስደርስ ማኅደሩ ተከፍቷል። ልጅቷን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ደስ አለኝ።»

«ስህተት አገኙ?»

ሚሌና ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣች። የግምገማ ጽሑፏ ነው። ብራዝዲል አነበበው። አንድም ስህተት አልተገኘበትም፤ በማዕረግ ይለፍ ይላል። የራሱ አሮጌ ቅናት መልሶ አሳፈረው።

ቱየት በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ገባችና ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች።

«ዛሬ ጠዋት ፍራሼ ሲገለበጥ ይህ ቦርሳዎ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«ተፈርሞበት?»

«ትናንት ነው የፈረምኩት። ስለ ቃላት መዋሸት አልችልም፣ ልጄ።»

«ስለ እኔ ግን ቻሉበት።»

ሚሌና አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም። ወረቀቱን ውሰጂው። ሐሙስ ሌላ ሰው ያነበዋል።»

ቱየት ወረቀቱን በጥንቃቄ አጣጥፋ መልሳ ሰጠቻት።

«አይ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ እርስዎ ቆመው ያነቡታል። ጮክ ብለው። ፕሮፌሰሩ ፊት።»

«እባክሽ፣ ከዚያ ብታሰር ይሻለኛል።»

«ኢንስፔክተር» አለች ቱየት ዓይኗን ከሴትዮዋ ሳትነቅል፣ «ያመጧቸዋል?»

«አመጣቸዋለሁ» አለ ብራዝዲል።

ሚሌና ያኔ አለቀሰች።