ሰባተኛው መጋጠሚያ

የክሬን ሹፌሩ አስከሬን ከወደቀበት ሲሚንቶ ገና አልተነሣም፤ ዙሪያውን አራት ቡሎኖች ተበትነዋል። ከላይ የብረት መተላለፊያው በአንድ ጎኑ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። መርማሪዋ ቀና ብላ ልታየው ስትል ወገቧ አልታዘዝም አላት። ሠላሳ ዓመት ሬሳ ስታይ ኖራ፣ ዛሬም ደረጃ መውጣት አልቀረላትም።

«ንዝረት ነው» አለ ፎርማኑ ሳይጠየቅ። «ክሬኑ ሲንቀጠቀጥ ቡሎን ይላላል። ያጠበቀው ሽማግሌው፣ የፈረመው ሽማግሌው።»

ሽማግሌው ቡሎን አጥባቂ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በቸልተኝነት ሰው ገደለ ከተባለ ግን የሚጦረው እስር ቤት ነው።

«አጥብቄያለሁ፣ ልጄ። ካላመንሽኝም ደክሞኛል፣ አልከራከርም።»

«በድካሙስ አንድ ነን፣ አባባ።»

ሦስተኛው ተጠያቂ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ የሟች አማች። «ሰኞ ፍርድ ቤት ሊመሰክር ነበር» አለ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። «አምና የአንድ ሠራተኛ እግር የተቆረጠው ከልክ በላይ ጫን ተብዬ ነው ሊል። ማን ጫን እንዳለው እኔን አይጠይቁኝ፤ ልጆች አሉኝ።»

መርማሪዋ ክሬኑ እንዳይንቀሳቀስ አዝዛ የብረት መመርመሪያ ባለሙያ አስጠራች። የመጣችው ፈጣን ወጣት ሳንቲም የሚያህሉ ሁለት መዳሰሻዎች መተላለፊያውን በቡሎን ከያዙት መጋጠሚያዎች በአንዱ ወዲያና ወዲህ ለጠፈች። በአንዱ ብረቱ ውስጥ ሞገድ ትልካለች፣ በሌላው ታዳምጣለች።

«የጠበቀ መጋጠሚያ የሰጡትን ብቻ ያደርሳል» አለች። «ለእጅ የማይታወቅ ቅንጣት ከላላ ግን ብረቶቹ ውስጥ ለውስጥ ይጋጫሉ፤ እኔ ያልላክሁት፣ በእጥፍ የቀጠነ ድምፅ ይጨመርበታል።»

«እንደ ጎረቤቴ በይኛ! እሷም አንድ ነግሬያት ሁለት አድርጋ ነው የምታወራው።»

ከምሳ በፊት ሦስቱን ሰዎች ለየብቻ አነጋገረች። ከምሳ በኋላ መተላለፊያው ሥር ሰበሰበቻቸውና ራሷ ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

«መጋጠሚያው ስምንት ነበር፤ አንዱ ወደቀ። ጠዋት እናንተ ቃል ስትሰጡ ይቺ ልጅ የቀሩትን ሰባቱን ለካች። ሁሉም እንደ ድንጋይ የጠበቁ ናቸው። ንዝረት ደግሞ አንዱን መርጦ አይፈታም፤ የሰው እጅ ነው። የማን? ለየአንዳንዳችሁ አንድ መጋጠሚያ ብቻ እንደምናስለካ፣ ከላላም ንዝረት ነው ብዬ መዝገቡን እንደምዘጋ ነገርኋችሁ። ለአባባ ሦስተኛውን፣ ለአማች አምስተኛውን፣ ለአንተ፣ ፎርማን፣ ሰባተኛውን። አሁን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰባቱም እንደገና ተለኩ። የላላው ሰባተኛው ብቻ ነው፤ ክሬኑ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል።»

«ራስሽ አስፈትተሽው ቢሆንስ?» አለ ፎርማኑ፤ ጠዋት እርስዎ ይላት የነበረው በአንዴ ቀረ።

«እጅህ ከዳህ እንጂ! እዚህ ቤት የቡሎን ዳዶ ያዞረ ሁሉ ከዳዶው እስከ ብረቱ የቀለም መስመር ያሰምራል፤ ከዞረ እንዲታወቅ። ብትተወው መስመሩ ተዛብቶ ንዝረት ያስመስልልህ ነበር። አንተ አሮጌውን ጠርገህ አዲስ አሰመርክ። ሃያ ዓመት የሠራ እጅ ሳያሰምር መውረድ ነውር ሆነበት። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። አውራ ጣትህን እስቲ አሳየን።»

ፎርማኑ እጁን ኪሱ ከተተ። «ከልክ በላይ ጫን ያለውም እሱ ነው» ብሎ ጎትቶ ያወጣው አማቹ ነው። ጣቱ ቢጫ ነበር። ማንም አልጮኸም፤ መጮህም አቅም ይጠይቃል።

ፖሊሶቹ ወሰዱት። «ነፃ ነዎት፣ አባባ። ይሂዱ፣ ይረፉ» አለች መርማሪዋ።

ሽማግሌው መፍቻውን አንሥቶ ወደ ደረጃው አመራ። «ሰባተኛውን ላጥብቀው።»

«ማስረጃ ነው፤ አይነካም።»

«እሺ። እንግዲያው ሰው እንዳይወጣበት እዚህ እቀመጣለሁ።» ደረጃው ሥር ቁጭ አለ። እሷም ትንሽ አሰበችና አጠገቡ ተቀመጠች።